በካውያ የተተኮሰ ድንኳን

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አራተኛው ቀን
ከልብስ ስፌት ቤቱ፣ ከመስኮቱ ሥር

ለልጄ አባት፤

እንደምን ሰነበትክ? የወደቡ ንፋስ ደረትህን እንዳይመታህ ሹራቡን ከውስጥ ልበሰው፤ ለታይታ አይደለም የሠራሁልህ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ማለቴም ለደብዳቤው ያህል ነው እንጂ ከሰው ሁሉ ተጣልቼ፣ እግሬ ውሃ ቋጥሮ፣ ድንኳን አበላሽቼ ነው ያለሁት።

ጽሕፈቴን ታውቀዋለህ። አንድ መስመር ስጽፍ አንድ ኮሌታ የምሰፋበት ጊዜ ያልፋል። ስለዚህ ስታነብ አትቸኩል። በስልክ ያልነገርኩህ ለምን እንደሆነ አይጠፋህም፤ "ደህና ነኝ" ትልና ትዘጋዋለህ። ደብዳቤ ግን እኔ ሳልጨርስ አይዘጋም።

ወደ ተራራው ልወጣ ነው።

ይኸው ተናገርኩት። አሁን ተነስተህ ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለት ጀምረሃል፤ ተቀመጥ። ልጃችን በመጨረሻ የሄደበት መንገድ ነው። ስድስት ቀን በእግር፣ አራት መንደር አልፎ፣ ከላይኛው መንደር በላይ ባለው ሜዳ ላይ ድንኳን ተክሎ ማደር ነው። የሚመራን ሰው ልጃችን ሦስት ዓመት አብሮት የሠራው ነው፤ ተጓዦቹ "ፍየሌ" የሚሉት ቀጭኑ፣ ያኔ ለቅሶ ቤት በር ላይ ቆሞ ያልገባው።

ምን ልትሠሪ ትለኛለህ። የልጁን ደብተር አንድ ዓመት ሙሉ በስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬው ነበር፤ መክፈት አቅቶኝ። ባለፈው ወር ከፈትኩት። በመጨረሻው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ "ለላይኛው መንደር ሸማኔ፣ ለአሮጊቷ፣ የቅርብ መነጽር። የፍየሌን አድርጋ መርፌ ውስጥ ክር አስገብታለች፤ እንደሱ ያለ። በሚቀጥለው ስመጣ ብያታለሁ።"

እኔ መርፌ ይዤ ሠላሳ ዓመት የኖርኩ ሴት ነኝ። ክር የሚያስገባላት ሰው እስኪያልፍ ደጃፏ ላይ የምትጠብቅ ሴት ምን እንደሚሰማት አውቃለሁ። ያቺ ሴት አንድ ዓመት ከሁለት ወር ጠብቃለች።

ፍየሌን ሄጄ ነገርኩት።

"እማማ፣ ለእኔ ይስጡኝ፣ አደርስልዎታለሁ። በየወሩ እወጣ የለም እንዴ?" አለኝ።

"በየወሩ ከወጣህ እስካሁን ለምን አላደረስክም?"

"አላወቅኩማ!"

"አሁን አወቅህ። የማደርሰው ግን እኔ ነኝ።"

እንዲያው ሰው ለምንድን ነው ከእጄ ነጥቆ ሊያግዘኝ የሚፈልገው? ክር ስታስገባ ማየት እፈልጋለሁ። ያደረበትን ቤት ማየት እፈልጋለሁ። ይኼ ለማስረዳት ይከብዳል?

መነጽሩም ቢሆን እንደዋዛ አልተገኘም። የፍየሌ መነጽር ላይ ያለው ቁጥር ተፍቆ ጠፍቷል። ከአፍንጫው ላይ አውልቄ መነጽር ቤት ወሰድኩትና ለክተው ልክ እንደሱ ያለ ሰጡኝ። እስክመልስለት ድረስ ሰውዬው የራሱን ዝርዝር ማንበብ አቅቶት፣ ለእኔ የተጻፈውን ትእዛዝ እኔው ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ጫማ፣ የዝናብ ልብስ፣ የእጅ ባትሪ፣ የሐኪም ወረቀት፣ ውሃ የማያስገባ ድንኳን። ደግሞ ዘጠኝ ኪሎ ተሸክሞ የውሃ ታንከሩን ኮረብታ በአንድ ሰዓት ወጥቶ መመለስ።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገና "ዕድሜዎ ሃምሳ ስምንት ነው" አለኝ፤ ለእኔ አዲስ ነገር ይመስል። "ተራራ ምን ያደርግልዎታል?"

"ሥራ አለብኝ።"

"የምን ሥራ?"

"መነጽር አደርሳለሁ።"

ነርሷን ዞር ብሎ አየና ፈረመ።

ጧት ጧት ዘጠኝ ኪሎ የጨርቅ ቅዳጅ በልጁ ቦርሳ ሞልቼ ኮረብታውን እወጣለሁ። ሰፈሩ ሁሉ ይስቅብኛል። ቁልፍ ሰፊዋ ጓደኛዬማ በስፌት ቤቱ መስኮት አንገቷን አውጥታ፣ "ዛሬስ ስደቱ ወዴት ነው?" ትለኛለች። "ቅዳጅ ይዘሽ ከምትጠፊ ሙሉ ጣቃ ይዘሽ ጥፊ፤ እኛም እንሸኝሻለን!" ሲስቁ እስቃለሁ። ከዚያ ጥግ ታጥፌ ጫማዬን አወልቅና ተረከዜን እያየሁ እሳደባለሁ። ማንን እንደምሳደብ ግን አላውቅም።

ረቡዕ

ትናንት እጄ ደከመ። ስለ ድንኳኑ ልንገርህ።

የልጁ ድንኳን ከነጭቃው በከረጢት መጥቶ ቁም ሣጥን ላይ እንደተቀመጠ ነበር። አውርጄ አጠብኩት። እኔ ጨርቅ ሳጥብ ታውቀኛለህ፤ በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና፣ ሁለት ጊዜ፣ እየፈተግኩ። አሰጣሁት። ከዚያ በካውያ ተኮስኩት፤ እጥፋቱ ሁሉ ቀጥ እስኪል። ኮራሁ። እንደ ሙሽራ ልብስ አጣጥፌ ለፍየሌ ወሰድኩለት። ጓሮው ውስጥ ተከለና አንድ ጆግ ውሃ ከላይ አፈሰሰበት። ውሃው ምንም ሳይከለክለው ውስጥ ገባ።

"እማማ፣ ምን አደረጉት?"

"አጠብኩት።"

"በምን?"

"በሳሙና ነዋ! ከዚያ ተኮስኩት።"

"ተኮሱት? ድንኳን?"

ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የሚስቅ መስሎኝ ልሰድበው ነበር፤ እሱ ግን አልሳቀም። ውሃ የሚከለክል ስስ ሽፋን አለው አሉ፤ እሱን ነው አጥቤ የደፋሁት። ቀጥሎ ወደ ውስጥ ገብቶ ራስጌው በኩል በጣቱ ዳበሰ። "እዚህ ጋ መስመሮች ነበሩ" አለኝ። ልጁ ያደረባቸውን ሌሊቶች በእስክሪብቶ ያሰምር ነበር። ሰባ ስንት ሌሊት። እኔ ቆሻሻ መስሎኝ፣ አልለቅ ሲለኝ ጊዜ በብሩሽ ነው ያወጣሁት።

ለዚህ ማንን ልቆጣ? መጀመሪያ ራሴን ተቆጣሁ፣ ከዚያ ሳሙናውን፣ ከዚያ አንተን። ቤት ብትኖር "ምን እያደረግሽ ነው?" ትለኝ ነበር። ሥራዬ መሃል ገብተህ እንዲህ ማለት ስትወድ! ይኸው በምትፈለግበት ቀን የለህም።

ፍየሌ የሚቀባ ነገር በቆርቆሮ ሰጠኝ። አራት ቀን ፈጀብኝ። ስፌቱን ሁሉ በእጄ ደግሜ ሰፍቼ በሰም አሸሁት፤ ከላይ ቀባሁት። ሦስት ጆግ ውሃ አፈሰስንበት፣ ቻለ። አንድ ጥግ ብቻ ጠብ ጠብ ይላል፤ በግራ በኩል። እኔ በቀኝ ነው የምተኛው።

ሐሙስ

አሁን ያናደደኝን ትልቁን ነገር ልጻፍ። ፍየሌ ለብቻዬ አይወስደኝም። ሕግ አለው። አንድ ድንኳን ሁለት ሰው ይሸከመዋል፤ አንዱ ጨርቁን፣ ሌላው ምሰሶና ካስማውን። ለክብደቱ ብሎ አይደለም። ጉም ሲወርድ ሰው ይኮራረፍና አንዱ ቀድሞ ይሄዳል አለኝ፤ ጨርቁ አንዱ ጋ፣ ምሰሶው ሌላው ጋ ከሆነ ግን ማንም ማንንም ጥሎ አይርቅም። ለመንኩት፣ ጮህኩበት። ቁልፍ ሰፊዋን ብጠይቃት "ጉልበቴ እዚህ ይቀራል፣ እኔ ብቻዬን እመጣለሁ" ብላ ቀለደችብኝ። መነጽር ይዤ፣ የሐኪም ወረቀት ይዤ፣ ድንኳን ይዤ በምሰሶ ተሸካሚ እጦት ልቅር?

የኮረብታው ፈተና ትናንት ጧት ነበር። ፍየሌ ሰዓት ይዞ አብሮኝ ወጣ። ታንከሩ ጋ ስንደርስ ውሃ እየጠጣሁ ሳለ፣ "እማማ፣ ያኔ ለቅሶ ቤት ያልገባሁት አፍሬ ነው" አለኝ። "የዚያን ቀን ሁሉንም ያወረድኳቸው እኔ ነኝ።"

"ሁሉንም ማለት?"

"አሥራ አንዱንም። ከላይኛው መንደር ስንመለስ፣ በቀን አንድ መኪና ብቻ የሚነሳበት ታችኛው መንደር ሰፍረን ነበር፤ ወንዙ መሙላት ጀምሮ ነበር። 'ነገ ጧት ድንኳን እንነቅላለን' ብዬ ከተናገርኩ በኋላ ነው አባቱ የደወሉት። ልጁ መጥቶ 'ነገ ልውረድ ወይ?' አለኝ። 'ብትወድም ባትወድም ሁላችንም እንወርዳለን' ስለው ሳቀ።"

"ሳቀ?"

"ሳቀ እንጂ። 'አባዬ ለሱ ብዬ የወረድኩ ይምሰለው፣ ምሳ ይጋብዘኛል' አለ።"

ለምን እስካሁን አልነገርከኝም ስለው፣ ስለዚያ ስልክ ማንም ምንም እንዳልነገረው ነገረኝ። እውነቱን ነው። ማን ይነግረዋል? ፈቃድህ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው "ሳልሄድ ልይህ፣ ነገ ውረድ" ብለህ መደወልህን፣ በማግስቱ የተሳፈረበት የጭነት መኪና ሲገለበጥም፣ እኔ በለቅሶው መሃል፣ በሰው ፊት "ባትደውልለት ኖሮ" ማለቴን የምናውቀው አንተና እኔ፣ የዚያን ቀንም የነበሩት ጎረቤቶች ብቻ ነን። ሰው ሳይበተን ሻንጣህን አንስተህ ወጣህ። እኔም "ተመለስ" አላልኩም።

የሰማሁትን ነው የጻፍኩልህ፤ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ባትደውልም ይወርድ ነበር። በዚያው መኪና።

በጣም ተናድጄ ከኮረብታው ሳልቆም ወረድኩ። በማን እንደተናደድኩ አትጠይቀኝ። ታች ስደርስ ፍየሌ እያለከለከ ሰዓቱን አየና "ሰዓቱ ሊሞላ ሰባት ደቂቃ ይቀረዋል፤ አለፉ" አለኝ። ከዚያ የስም ዝርዝሩን አወጣ። ከእኔ ስም ጎን ባዶ ቦታ አለ። "ማን ልበል?" አለኝ። "የልጁ አባት በል፤ ግን በእርሳስ ጻፈው" አልኩት። በእርሳስ የተጻፈ ይጠፋል። ሥራ ካለብህ፣ ፈቃድ ከከለከሉህ፣ ወይም ደግሞ ካልፈለግህ ጻፍልኝ፣ ይጠፋል። የምንነሳው በሚቀጥለው ወር በአምስተኛው ቀን ነው።

እንግዲህ የቆምክበት ቦታ ይጽናልህ፣ የምትረግጠው ይቅናልህ፤ ክፉ ነገር አይንካህ። ለእኔ አታስብ፤ ቦርሳው ጀርባዬን ለምዷል።

የልጅህ እናት

ይድረስህ ብዬ ከጨረስኩ በኋላ፦ ጫማ ሁለት ሳምንት ካልተለማመዱት እግር ይልጣል ይላል ፍየሌ። አዲስ እንዳትገዛ። የልጁ ሁለተኛው ጫማ በሩ ሥር ነው፤ አርባ ሁለት ቁጥር፣ እንዳንተው። ጭቃው እንዳለ ነው። አላጠብኩትም።