ሁለት ሆድ አለው የተባለው ሳጥን

ሰኞ፣ መስከረም 26

አምስት ምድጃ ጨረስኩ። ስድስተኛው እጀታ ይቀረዋል። ላሜራው ሳሳ ያለ ነው... ሻጩ «ወፍራም ነው» ብሎ ሲምል ነው የጠረጠርኩት። ግን ገዛሁት።

ከሰዓት ልጄ ሩታ ሥራ ቦታዬ፣ ምን አለሽ ተራ ድረስ መጣች። ብዙ ጊዜ አትመጣም። የደንብ ልብሷ ከኋላ አቧራ ለብሷል። ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ነው ያጠናችው።

«ቤተ መጻሕፍት የለም እንዴ?»

«ተዘግቷል። ጆንያ ገብቶበታል።»

የምን ጆንያ? አታውቅም። «ያስነጥሳል» አለች ብቻ። ሰባተኛ ክፍል ናት፣ ልጄ አትቀልድም። የሚያስነጥስ ጆንያ ከሆነ በርበሬ ነው። በርበሬ ከሆነ ደግሞ ጋሼ ዘውገ ነው። ጎጃም በረንዳ የበርበሬ መጋዘን አለው። የትምህርት ቤቱ ወላጅ ኮሚቴ ሰብሳቢም እሱ ነው፣ ይኸው ስምንት ዓመቱ።

እነዚህን ሁለት ነገሮች ያገናኘ ሰው የለም? ወይስ ሁሉም እያወቀ ዝም ብሏል?

ረቡዕ፣ መስከረም 28

ቲቸር ዱንያ መጣች፣ ምክትል ርዕሰ መምህሯ። በዚያ ሁሉ የመዶሻ ጩኸት መሀል ለጫማዋ እየተጠነቀቀች።

«የሩታ አባት፣ ሥራ ይዤልዎት መጣሁ። የድምፅ መስጫ ሳጥን።»

የወላጅ ኮሚቴ ምርጫ ደርሷል። «አምና ስንት ወላጅ የመጣ ይመስልዎታል?» አለችኝ። አላውቅም አልኩ። «አርባ ሦስት። ከሺህ በላይ ወላጅ አለን።»

ከአርባ ሦስቱ ውስጥ እኔ የለሁበትም። አልነገርኳትም። ታውቃለች መሰለኝ።

ምርጫው ሁልጊዜ ሰኞ ጠዋት ነበር፣ ገበያው በሚጦፍበት ሰዓት። የሚመርጡትም እጅ እያወጡ፣ ጋሼ ዘውገ ፊት ለፊት ቆሞ እያያቸው። ማን ደፍሮ እጁን ያወርዳል? ዘንድሮ እሁድ ይሁን፣ በወረቀት ይሁን፣ በሳጥን ይሁን ብላ ርዕሰ መምህሩን አሳምናለች።

ነገሩ ጥሩ ነው። ግን ለምን እኔ? «ሩታ አባቴ ቆርቆሮ ይሠራል ብላኝ ነው» አለች። በቃ? ከዚህ ሁሉ ብየዳ ቤት መሀል? ማን ላካት?

እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት መጨረሻውን ላየው ፈልጌ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 1

ጋሼ ዘውገ አስጠራኝ። ስሜን ያውቃል ብዬ አላስብም ነበር። አውቶቡስ ተራ አጠገብ አንድ ሻይ ቤት ተገናኘን። ማኪያቶ አዘዘልኝ።

«ሳጥን እየሠራህ ነው አሉ።»

«አዎ ጋሼ።»

«ጥሩ ነው። ለልጆቹ ነው።» ቆይቶ ደግሞ፣ «የመጋዘኔን በሮች የሚያድስልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ከበድ ያለ ሥራ ነው፣ ሁለት ወር ይፈጃል። ከምርጫው በኋላ ብቅ በል።»

ከምርጫው በኋላ። ለምን ከምርጫው በኋላ? በር የሚያስጠግን ሰው ምርጫ ምን አገባው?

«አስብበታለሁ» አልኩ። እምቢ አላልኩም። እዚህ ልጻፈው... እምቢ አላልኩም። ማኪያቶውንም እስከ መጨረሻው ጠጣሁት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ሳጥኑ አለቀ። አፉ ጠበብ ያለ፣ ክዳኑ በሁለት ማጠፊያ። ሩታ ሰማያዊ ቀባችው። ትምህርት ቤት አደረስኩት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ሩታ አኩርፋ መጣች። ባለቤቴ ቦሰና ለምናት ለምናት ነው የተናገረችው። አንዲት ልጅ ክፍል ውስጥ «አባትሽ ኮሮጆ ሠሪ» ብላታለች።

ሳጥኑ ሁለት ሆድ አለው ተብሏል። ወላጅ የሚከተው ወረቀት ላይኛው ሆድ ውስጥ ይቀራል አሉ። ታችኛው ሆድ ውስጥ የጋሼ ዘውገ ስም ተጽፎበት የተዘጋጀ ወረቀት አለ። ሲቆጠር የሚከፈተው የታችኛው ነው።

እንዲህ ያለ ሳጥን መሥራት ይቻላል? አሰብኩበት... ይቻላል። ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው።

ማን አወራው? ቲቸር ዱንያ? ምን ልትጠቀም? ጋሼ ዘውገ ራሱ ቢሆንስ? ሳጥኑ ካልታመነ ሰው አይመጣም። ሰው ካልመጣ የሚቀሩት እነዚያው አርባ ሦስት ናቸው። እነሱ ደግሞ የሱ ሰዎች ናቸው።

ቦሰና፣ «ማኪያቶውን ባትጠጣ ምን ነበረበት» አለችኝ። ነግሬያት ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ሥራ ላይ እያለሁ ቲቸር ዱንያ ደወለች። ቶሎ ይድረሱ አለችኝ። ሄድኩ። አንዲት ሴት ቢሮ ውስጥ ሳጥኑን ገልብጣ በጉልበቷ ይዛዋለች። ጠሂራ ትባላለች፣ ሻርፕ ትሸጣለች፣ ሁለት ልጆች እዚሁ ታስተምራለች። ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ በውጭ ለካች። ክዳኑን ከፍታ በውስጥ ለካች።

«ውጩ ሃምሳ። ውስጡም ሃምሳ» አለች።

«እንግዲህ አየሽው፣ እህቴ።»

«ዛሬ አየሁት። እሁድ ግን ይሄው ሳጥን መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

እውነቷን ነው። እኔም ብሆን እንደዚያው እጠይቅ ነበር።

«ከጋሼ ዘውገ ጋር ቁጭ ብለህ ስትጠጣ ታይተሃል» አለች ቀጥላ።

«የበር ሥራ ሊሰጠኝ ነው።»

«ሠራህለት?»

«ገና ነው... ከምርጫው በኋላ ነው ያለኝ።»

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። ቲቸር ዱንያ መስኮቱን ማየት ጀመረች።

ተናደድኩና «አንቺስ አምና ለምርጫው መጥተሻል?» አልኳት። አልመጣችም። ካቻምናም አልመጣችም። «ምን ሊለወጥ ብዬ» አለች።

እኔም እንደዚያው ነበር የምለው። ቃል በቃል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ሳጥኑን አስመልሼ በመዶሻ ልጨፈልቀው ነበር። ለቦሰና ስነግራት ሳቀች። «አንተ ሰውን ሁሉ ስትጠረጥር ማን ምን አለህ? አንድ ቀን ቢደርስብህ...» አለችና ተወችው።

ከፋኝ። ቀኑን ሙሉ አላናገርኳትም።

ግን አንድ ነገር እየተመላለሰ ይመጣብኛል። ጠሂራ ለምርጫ አንድ ቀን ሱቋን ዘግታ አታውቅም። ትናንት ሳጥን ልትለካ ዘጋች። ማክሰኞ ገበያ ላይ! ለምርጫ የማይመጣ ሰው ሌባ ለመያዝ ይመጣል ማለት ነው?

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ሁለት ቦታ ሄድኩ።

መጀመሪያ ጎጃም በረንዳ። ጋሼ ዘውገን መጋዘኑ በር ላይ አገኘሁት። ሥራውን እንደማልሠራ ነገርኩት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። «እንደፈለግህ» ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። በሩ እውነትም በስብሷል። እዚያ ቆሜ አየሁት፣ ከታች ዝገት በልቶታል። ሰውዬው በር ብቻ ፈልጎ ከነበረስ?

ከዚያ ጠሂራ ሱቅ። «ሳጥኑን አንቺ ያዢው» አልኳት። «እኔ ዘንድ ካደረ ደግሞ እኔን ይላሉ» አለች። ልክ ነች። ተነጋገርን። ሳጥኑ ትምህርት ቤት ይቀመጥ፣ ሁለት ጓጉንቸር ይግባበት። አንዱን ቁልፍ እሷ ትይዛለች፣ አንዱን እኔ። በየጠዋቱ ወላጅ ልጁን ሲያደርስ በር ላይ ይዘን ቆመን ከፍተን እናሳያለን።

ስወጣ፣ «አሁንም አላመንኩህም» አለችኝ።

«እኔም አላመንኩሽም» አልኳት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ጋ ቆምን። መጀመሪያ ሰው እያየን ያልፍ ነበር። ከዚያ አንዱ ቆመ፣ ሁለተኛው ቆመ... ሳጥኑን ያንኳኩታል፣ ይገለብጡታል፣ እጃቸውን ይከታሉ። ጠሂራ ሜትሯን ለማንም ትሰጣለች።

አንድ የተራችን ብየዳ ሠራተኛ አግድም አየኝና፣ «እኔ አንተን አውቅሃለሁ፣ እጅህ ብዙ ነገር ይችላል» አለኝ፣ ሰው እየሰማ።

«ካላመንከኝ እሁድ መጥተህ ጠብቀኝ» አልኩት።

«እመጣለሁ» አለ። «ሚስቴንም ይዤ ነው የምመጣው።»

ደነገጥኩ። ከዚያ ለሚቀጥለውም ያንኑ አልኩ። ለሚቀጥለውም። ጠሂራም ሰምታ ትል ጀመር፣ «ኑና ጠብቁት፣ እኔንም ጠብቁኝ» እያለች። ሳጥኑን ከለካች ወዲህ እሷም እጩ ሆና ተመዝግባለችና።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘን። «ምርጫው ወደ ሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ተዛውሯል።» ማኅተም የለው፣ ፊርማ የለው። ቲቸር ዱንያ ፊቷ ነጣ። የኛ አይደለም አለች። ርዕሰ መምህሩም አያውቀውም።

ማን ለጠፈው? ጋሼ ዘውገ ጋ ደወልኩ፣ በግልጽ ጠየቅኩት። «እኔ አይደለሁም» አለ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ድምፁን ደጋግሜ አስታወስኩት። እውነት ይመስላል... ውሸትም ይመስላል።

ጠሂራ ሻርፕ ተራን ያዘች፣ እኔ ምን አለሽ ተራን። ሱቅ ለሱቅ ዞርን። «እሁድ ነው፣ የተለጠፈው ውሸት ነው።» ሰው የሚመልሰው አንድ ዓይነት ነው። «ታዲያ ሊያስቀሩን የፈለጉት ለምንድነው?» ይሉኛል፣ እኔም እሱን ነው የማላውቀው።

እሁድ፣ ጥቅምት 23

ገና አሁን ቤት መግባቴ ነው።

አራት ሰዓት ሲሆን ሰልፉ ከበር ወጥቶ ነበር። ከቅዳሴ የመጡ ነጠላቸውን እንደለበሱ። ሱቅ ከፍተው ለመዋል ያሰቡ ሱቃቸውን ዘግተው። ያ የብየዳ ሠራተኛ ከነሚስቱ ከሳጥኑ ሁለት እርምጃ ላይ ቆሞ ዓይኑን ሳይነቅል ዋለ። ቁጭ በል ቢሉት አልተቀመጠም። ጋሼ ዘውገም መጣ። የልጅ ልጁን ነው እዚህ የሚያስተምረው። እንደማንኛውም ሰው ተሰልፎ ተራው ደርሶ ከተተ።

እኔም ከተትኩ። በዕድሜዬ ለትምህርት ቤት ስመርጥ የመጀመሪያዬ ነው። ማንን እንደሆነ እዚህም አልጽፍም።

ጠሂራ ቁልፏን፣ እኔ ቁልፌን። ሰሌዳ ላይ እየተጻፈ ተቆጠረ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ወረቀት። ጠሂራ ሁለት መቶ አሥራ ዘጠኝ። ጋሼ ዘውገ መቶ ሃያ አንድ። ሦስተኛው እጩ ስድሳ ስምንት። አራቱ ተበላሽቷል።

አንዲት እናት ሳጥኑን አንስታ ገልብጣ አራገፈችው። ምንም አልወደቀም። ያኔ ነው ያጨበጨቡት።

ጋሼ ዘውገ ተነሱ። የቤተ መጻሕፍቱን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ክረምት የመጋዘኔ ጣሪያ ሲያፈስ ጆንያውን ለሁለት ሳምንት ብዬ እዚህ አስገባሁት» አሉ። «የጠየቀኝ የለም። እዚያው ቀረ። ስምንት ዓመት ስጠራችሁ የት ነበራችሁ?»

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። እኔ ወለሉን ነበር የማየው።

ይኸው፣ ዛሬ አንቱ ብዬ ጻፍኳቸው። ሳላስበው ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

በዚያ ማስታወቂያ ሰዓት፣ አራት ሰዓት ላይ፣ ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። አንድም ሰው አልመጣም። ማን እንደለጠፈው አሁንም አላውቅም። የማውቅ አይመስለኝም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

አዲሱ ኮሚቴ ለወላጆች ክፍት ስብሰባ ጠራ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ። ጆንያው ከወጣ ሦስት ሳምንት ሆነው፤ ሽታው ግን አልለቀቀም። ስብሰባው በማስነጠስ ነው የተጀመረው።

ሠላሳ አንድ ሰው መጣ። ቆጠርኩ። ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ ሥራዬን ጥዬ ነው የሄድኩት። ቦሰና «ምርጫው አልቆ የለም እንዴ?» ብላኝ ነበር።

ጠሂራ ስለ ግድግዳው ቀለም ተናገረች። የሚቀባው ልጅ ሳምንት ይጀምራል አለች። ስሙን ስትጠራ አንድ ነገር ጫረኝ። ያን ልጅ ሱቋ ውስጥ አይቼዋለሁ። እጄን አወጣሁ። ሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም።

«ቀቢው ምንሽ ነው?»

ቀላች። «የእህቴ ልጅ ነው። በነፃ ነው የሚሠራው።»

«በነፃ መሆኑ ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍ።»

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጻፈች፣ ጮክ ብላም አነበበችው።

ስቀመጥ አጠገቤ ጋሼ ዘውገ ነበሩ፣ ኋላ ወንበር ላይ። ሲገቡ አላየኋቸውም።

«እኔን አንድ ቀን እንደዚህ ብትጠይቀኝ ኖሮ» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ምን ያደርጉ ነበር?»



«መጀመሪያ እቆጣህ ነበር» አሉ። «ከዚያ ጆንያውን አወጣለሁ።»