አባባን ያስደነቀው የሙዝ ልጣጭ

ይድረስ ለምወድሽ፣ ለምናፍቅሽ፣ ትንሽም ለምቀናብሽ ታላቅ እህቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ? ያ ጉንፋን ለቀቀሽ ወይስ እንደ ክፉ ተከራይ አልወጣም አለ? ትበያለሽ? ትተኛለሽ? ይህን ሁሉ የምጠይቅሽ እማዬ ከጀርባዬ ቆማ ስለምታስጽፈኝ ነው፤ እኔማ ድስት ጠርገሽ እንደምትበዪ አውቃለሁ። እኛ ይመስገን ደህና ነን። አባባ ብቻ ሰሞኑን ፊቱ እንደ ክረምት ሰማይ ጠቁሮ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የከተማው ተቆጣጣሪ መጥቶ ከጨርቅ ማቅለሚያ ቤታችን የሚወጣውን ሰማያዊ ውኃ እስከ ወንዙ ድረስ ተከትሎት ሄደ። ሲመለስ፣ "እስከ ወሩ መጨረሻ ውኃው ካልጠራ ቤቱን አሽጋለሁ" ብሎ ቁርጡን ነገረን። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ያላቸውን ዓይነት ማጣሪያ ለመግዛት አቅሙ የለንም። አባባም "ገንዳዎቹን ሸጬ ዘበኛ እሆናለሁ" አለ። እሱ ዘበኛ! ገና ሳይመሽ የሚያንኮራፋው ሰውዬ!

ያኔ ነው ትምህርት ቤት ተምረሽው በስልክ የነገርሽኝ ትዝ ያለኝ፤ የደረቀ የሙዝ ልጣጭ ቀለምን ከውኃ ውስጥ ይዞ ያስቀራል ያልሽው። ከጭማቂ ቤቱ በጆንያ እየተሸከምኩ ጣራ ላይ አሰጣሁት። አጎታችን ቀና ብሎ አየኝና፣ "ሰው እህል ያሰጣል፣ የእኛ ልጅ ቆሻሻ ታሰጣለች። ዝንጀሮ ልታገቢ ነው እንዴ?" አለኝ። "ሥራ ካለው ምን ችግር አለው?" አልኩት። እሱ ሥራ ከፈታ ስንት ጊዜው እንደሆነ ታውቂያለሽ።

ልጣጩ ሲደርቅ ቀጠቀጥኩት። ታቹ የተበሳ በርሜል ውስጥ ጠጠርና ጨርቅ አንጥፌ፣ በላዩ ልጣጩን ሞልቼ፣ ሰማያዊውን ውኃ አፈሰስንበት። ከታች ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? ቡናማ! ልጣጩ ሰማያዊውን አስቀርቶ የራሱን ቀለም ለቀቀው። እማዬ "በቃ፣ አለቀልን" ብላ ቁጭ አለች። የእኔም እንባ መጣ። አባባስ? ነጭ መሐረቡን ነከረበት፣ ወደ ብርሃን ዘረጋውና፣ "ይህን ቡናማ እኮ ዕድሜዬን ሙሉ ስፈልገው ነው የኖርኩት!" አይል መሰለሽ! ቤቱ ሊታሸግ ነው፣ እሱ ቀለም ያደንቃል።

ከዚያማ ማን ያቁመው? የቀረውን ልጣጭ ሁሉ በትልቁ ድስት እየቀቀለ ቡናማውን ጨምቆ አወጣ። ሻሽ ነከረ፣ ጋቢ ነከረ፣ የአጎታችንን ነጭ ሸሚዝ ሳይቀር ነከረ። ልጣጩ ደጋግሞ ሲቀቀል የሚሰጠው ቀለም አለቀበትና ውኃው ጥርት ብሎ መውጣት ጀመረ። ይህን ሳይ "አባባ፣ ልጣጩን እንዳትደፋው!" ብዬ ጮህኩ። የተቀቀለውን መልሼ አድርቄ በርሜሉን እንደገና ሞላሁት። ከላይ ሰማያዊ ገባ፤ ከታች ንጹሕ ውኃ ጠብ ጠብ አለ። አጎታችን እንኳ ጎንበስ ብሎ አየው።

ተቆጣጣሪው በጠርሙስ ወስዶ አስመረመረው። ትናንት መልሱ መጣ፤ ቤቱ አይታሸግም! በየወሩ ግን እየመጣ ያያል። አጎታችን አሁን ለሰፈሩ ሁሉ "ሐሳቡ የእኔ ነው" እያለ ነው።

እማዬ አገላብጣ ትስምሻለች፤ ሲበርድሽ ደርቢ ትላለች። ትንሹ ወንድማችን ስምሽን መጻፍ ችሏል፤ ግድግዳው ላይ፣ በማይለቅ ቀለም። አጎታችን ሰላም ብሎሻል፤ ሰላምታውም የራሱ ሐሳብ ነው። አባባ ደግሞ፣ ቀለም በትምህርት ቤት አይገኝም ብሎ ለትምህርት መሄድሽን የተቃወመው አባባ፣ ሰማያዊውን የጠጣው ልጣጭ የት እንደሚጣል ጨንቆታል። አጎታችን ጓሮ እንበትነው ቢለው፣ "ወንዙን አድኜ አትክልቱን ልመርዝበት?" ብሎ ተቆጣው። ዛሬ ጠዋት ጠጋ ብሎኝ፣ "እስቲ እህትሽን ጠይቂያት፤ አባቴ ነው ያስጠየቀኝ እንዳትይ ብቻ" አለኝ።

እኔም አላልኩም። ግን ቶሎ መልሺለት፤ ስልኩ በጠራ ቁጥር ከሁላችን ቀድሞ ብድግ ይላል።

ታናሽ እህትሽ
ከማቅለሚያ ቤቱ ጣራ ላይ፣ ግንቦት 9 ቀን