ወለሉን እንዳታጥቢው

እህት ዓለም፣

ስልጠናዬ የጠዋት ስለሆነ ቀድሜሽ ወጣሁ።

ትናንት ገና እንደገባን «ትንሽ ጋደም ልበል» ብለሽ እንደ ግንድ ተጋደምሽ። እኔ ግን ለሦስት ወርም ቢሆን ቤታችን ነው ብዬ፣ እንደ አገራችን አንድ ባልዲ ውሃ ወለሉ ላይ ደፍቼ በመጥረጊያ መግፋት ጀመርኩ።
ለካ ወለሉ የውሃ መውጫ የለውም!
ውሃው የወረደው በታችኛው ቤት ሽማግሌ ኮርኒስ ነው።

ጸጉራቸው ውሃ እያንጠባጠበ መጥተው አንኳኩ። ቋንቋቸውን አላውቅ፤ ደነገጥኩና ውሃውን የደፋሽው አንቺ እንደሆንሽ ሁሉ የተኛሽበትን ክፍል በጣቴ አሳየኋቸው።
ዛሬ ከአከራያችን ጋር ሳይመጡ አይቀሩም። እንዳንባረር፣ ጎንበስ ብለሽ እጅ ንሺ።

ሳምንቱን ሙሉ ራት በኔ ነው። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

ደግሞ ፎጣሽን ፍለጋ አትድከሚ። ሽማግሌው ራሳቸውን ያደረቁት በሱ ነው።