ጣት የዋጠ እግር

የካቲት 17 ቀን 1966፣ ጠዋት
ዛሬም ቁስል ማጠብ። ከረሃብተኞች መጠለያ ሁለት ሴቶች ወደ ጤ/ጣቢያው መጡ፤ እትዬ የሺና ፋጡማ። ጎረቤታሞች ናቸው፣ ከአንድ መንደር አብረው በእግር የመጡ። የሁለቱም ቅልጥም ቆስሏል። እህል የሚያድለው ጸሐፊ ግን «ወፍረዋል» ብሎ ከመዝገብ ሰርዟቸዋል። ወፍረዋል! አውራ ጣቴን እግራቸው ላይ ተጫንኩ። ስርጉድ። ጣቴን ባነሳም ጉድጓዱ አልሞላ አለ። ውሃ ነው፣ ደብተሬ፣ ሥጋ አይደለም። ጸሐፊውን ጠርቼ በገዛ ጣቱ አስነካሁት። «ያ ረቢ!» አለና መልሶ መዘገባቸው።

የካቲት 18፣ ከቀኑ 9 ሰዓት
ውሃው ከምን መጣ? ኩላሊት ይሆን? ሽንታቸውን በብልቃጥ አፈላሁ። ፕሮቲን ቢኖርበት እንደ እንቁላል ነጭ ይረጋ ነበር። ጥርት ያለ! በሽንት የወጣ ፕሮቲን የለም፤ ከደማቸው ጎድሎ ውሃው እግራቸው ላይ የተጠራቀመው በረሃብ ነው። የድሬሰር፣ የቁስል አጣቢ፣ ኮርስ ላይ ሸምድጄው ነበር፣ ዛሬ ገባኝ። የዱቄት ወተት አዘዝኩ፣ ለእያንዳንዳቸው በቀን ሦስት ኩባያ። ባቄላ ወይ ምስር ቢኖር ጥሩ ነበር፤ ያለው ማሽላ ብቻ።

የካቲት 21
ሚኒስትሮቹ ሥራ ለቀቁ ይላል ሬዲዮው። ከተማው ሁሉ እሱን ከቦ ያወራል። እኔ ቁስል በክር እለካለሁ። አትሳቅብኝ።

የካቲት 30
ጉድ እኮ ነው። የፋጡማ እብጠት ጎድሏል፣ ቁስሏ ሊገጥም ነው። የእትዬ የሺ መግል ይዟል፣ ይሸታል። ትኩሳት እንኳ የላቸውም፤ ሰውነታቸው የሚዋጋበት አጥቶ ይሆን? ያው ፔኒሲሊን፣ ያው ፋሻ፣ ያው ወተት። ምን ለያቸው?

መጋቢት 1
አገኘሁት! ሁዳዴ ነው። እትዬ የሺ ወተታቸውን ለፋጡማ ይሰጣሉ። እምቢ ስትላቸው፣ ካልጠጣሽ እደፋዋለሁ ይሏታል። እሷ ስድስት ኩባያ፣ እሳቸው ምንም! ከደስታዬ ብዛት ቁጭ ብዬ የሁለቱን ቁስል ጎን ለጎን መሣል ጀመርኩ። ወዲያው አፈርኩ። እኔ ስመራመር የሴትዮዋ እግር እየበሰበሰ ነው።

መጋቢት 2፣ ማታ
ቄሱን ለምኜ አመጣሁ። ሕመምተኛ ጾም የለበትም፣ ፈትቼሻለሁ አሏቸው። እትዬ የሺ ኩባያውን አዩ፣ አልነኩትም። ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ ልጄ፣ ትጾማለህ?» እጾማለሁ አልኩ። «እንግዲያ ብቻዬን አታስገድፈኝ።» ቄሱ፣ ጤነኛ አልፈታም ብለው ወጡ።

ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ሁዳዴን ገድፌ አላውቅም። እናቴ ደሴ ሆና ብትሰማ ታለቅሳለች። ፈራሁ፣ እውነቱን ልንገርህ።

ያ እግር ግን ሌላ ሳምንት አይቆይም። ነገ ጠዋት ሁለት ኩባያ እበጠብጣለሁ። መጀመሪያ የምጠጣው እኔ ነኝ።