የሳንባ ነቀርሳን ቤት ለቤት ተከታትለው ያሸነፉት እትዬ ዶክተር ዐረፉ

የጤና ጣቢያችን አስተዳደርና ሠራተኞች፣ የቤተሰብ ሐኪማችን በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ትናንት ማለዳ ባለቤታቸውና ሴት ልጃቸው ባሉበት በቤታቸው ማረፋቸውን በከባድ ሐዘን ያስታውቃሉ። አንገታችንን ቀና አድርገን የምንሸኛቸው ግን የጀመሩትን ከዳር ያደረሱ ሰው ስለሆኑ ነው።

የሰፈሩ ሰው «እትዬ ዶክተር» ይላቸው ነበር። «ዶክተር» ብቻ እንዳይሏቸው ቅርበታቸው፣ «እትዬ» ብቻ እንዳይሏቸው ማዕረጋቸው አላስችል ብሎ የወጣላቸው ስም ነው።

ወደ ጤና ጣቢያችን በመጡበት ዘመን የሳንባ ነቀርሳ የሚታከመው ከከተማው ዳር ባለው ልዩ ሆስፒታል ብቻ ነበር። እዚያ በር ላይ መታየት ከሥራም ከጎረቤትም ስለሚነጥል፣ ብዙ ሰው ሳሉን በመሀረብ አፍኖ ቤቱ ይቀመጥ ነበር። እትዬ ዶክተር ሕክምናው በየሰፈሩ በቤተሰብ ሐኪም እንዲሰጥ ለጤና ቢሮው ደጋግመው አመለከቱ። «የቤተሰብ ሐኪም ጉንፋኑን ያክም» ተባሉ።

ሥራ በጀመሩ በሦስተኛው ዓመት የአንዲት እናት ደም ግፊት ሊለኩ ወደ እናቲቱ ቤት ሄዱ። ከመጋረጃው ጀርባ የሴትየዋ ምራት ስትስል ሰሙ። ምራቲቱ ልብስ ሰፊ ነበረች።

«ብርድ ነው» አለች።

«በዚህ ሙቀት? ነይ እስቲ የኔ ልጅ፣ ጀርባሽን ልስማው።»

«አሠሪዬ ከሰሙ ያባርሩኛል፣ እትዬ!»

«እሱን ለእኔ ተይው።»

ምርመራው የሳንባ ነቀርሳ መሆኑን አረጋገጠ። ሐኪማችን ከሆስፒታሉ ጋር ተሟግተው ለእሷ መድኃኒቱን፣ ለልጆቿም መከላከያውን እዚሁ ጤና ጣቢያችን አስጀመሩ። ከዚያም ስሟን ሳያነሱ ወደምትሠራበት ስፌት ቤት ሄደው ሠራተኛው ሁሉ እንዲመረመር ጠየቁ። ባለንብረቱ «እዚህ ቤት በሽተኛ ካለ ዛሬውኑ ይውጣልኝ!» ብለው ፎከሩ።

«እንግዲያው ከእርስዎ እንጀምራ» አሏቸው እትዬ ዶክተር።

የቀሩት ሠራተኞች ሁሉ ነጻ ሆኑ፤ በሽታው የተገኘው ባለንብረቱ ላይ ነበር። ሐኪማችን በር ዘግተው ለብቻቸው ነገሯቸው። «ታዲያ አሁን ማንን ላስወጣ?» አሉ ሰውየው በድንጋጤ።

«የታፈነውን አየር። መስኮቶቹን ይክፈቱ፣ መድኃኒትዎንም ይዋጡ።»

ይህንን ለሰው ሁሉ ሲያወሩ የኖሩት ራሳቸው ባለንብረቱ ናቸው፤ እኛም የሰማነው ከእሳቸው ነው። ሁለቱም ታማሚዎች ፈጽመው ዳኑ። ልብስ ሰፊዋም በሽታው ወደ ሰው መተላለፉ ሲያበቃ ወደ ማሽኗ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ የሚያስለው ሰው ሳይጠራ በእግሩ መምጣት ጀመረ።

ውጤቱን ያየው ጤና ቢሮ በኋላ ሕክምናውን ለሰፈር ሐኪሞች ሁሉ ፈቀደ። አሠልጣኟም እትዬ ዶክተር ሆኑ።

ባለፈው ዓመት የልዩ ሆስፒታሉ የመጨረሻው የሳንባ ነቀርሳ ክፍል ታካሚ ጠፍቶበት ለወላዶች ተሰጠ። በምረቃው ዕለት አንድ አራስ ሕፃን ጩኸቱን ሲያቀልጠው፣ አዋላጇ ንግግሩ እንዳይረበሽ ልታወጣው ተነሣች። እትዬ ዶክተር ከመድረኩ «ተዪው ይጩህ! እንዲህ ያለ ሳንባ ነው ስፈልግ የኖርኩት!» ሲሉ አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ።

ለባለቤታቸው፣ ለልጃቸው፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና እጃቸው ላይ ለዳኑት ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን።

ቀብራቸው ነገ ከቀትር በኋላ ስለሚፈጸም ጤና ጣቢያችን በዚያ ሰዓት ዝግ ይሆናል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚሰጥበት ክፍል ግን እንደ ወትሮው ክፍት ነው። ታካሚዎቻችን መድኃኒታችሁን ሳትውጡ ወደ ቀብሩ እንዳትመጡ፤ እሳቸው ቢኖሩ ከመንገድ ይመልሷችሁ ነበር።