ለመውለድ ለመጣች ልጅ መረብ ይቆረጣል

ይድረስ ለአባባ፣

እንደምን ከርመዋል? እርጥብ አሸዋ ላይ ሲቆሙ የሚይዝዎ ጉልበትዎ ተሻለዎት? ወንድሜ ማቭጂስ ጀልባዋን ቀባት፣ ወይስ ዘንድሮም በወሬ ነው የሚቀባት? እኔ ማንግሮል፣ ባሌ ቬልጂ ቤት አለሁ። ደህና ነኝ እንድል ግራ እጄ አይፈቅድም፤ ደግነቱ የምጽፈው በቀኙ ነው። ስልክ ያልደወልኩት ቬልጂ ስልኬን ግድግዳ ላይ ስለፈጠፈው ነው።

የጻፍኩት አንድ ነገር ልለምንዎ ነው። ከሆሊ በዓል በፊት መጥተው ይውሰዱኝ። ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ። የመጀመሪያ ልጅ በእናት በአባት ቤት እንደሚወለድ ለእርስዎ አልነግርም። ሰው ሁሉ የመጀመሪያዋ ነው ይላል፤ ይበል።

ልጅ ሳለሁ ባሕሩ ሲሸሽ ወደ ቋጥኞቹ ይወስዱኝና በየጉድጓዱ የቀረውን ያሳዩኝ ነበር። ሸርጣን ባየሁ ቁጥር «በዓይንሽ ብቻ ያዣት» ይሉኛል። የገለበጥኩትን ድንጋይ መልሼ በቦታው ካላስቀመጥኩ ምሳ የለም። እግሬ ጨው እስኪያወጣ ስንዞር እንውል ነበር። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የጣመኝ ቀን የለም።

እርስዎም ቢሆኑ ከጥንት እንዲህ አልነበሩም። ያቺን አውቶቡስ የምታክል ነጠብጣባም ዓሣ «በርሜል» ነበር የምትሏት። መንጠቆው ላይ በርሜል አስራችሁ እስክትዝል ታስሮጧትና በመጥረቢያ ትከትፏት ነበር። ውኃው ቀልቶ ዳር ሲደርስ አስታውሳለሁ። ኋላ ያ ሰባኪ መጣና ይህች እኮ ለመውለድ አባቷ ቤት የመጣች ልጅ ናት፣ ልጁን የሚያርድ ማን ነው ሲል፣ ከሁሉ ቀድመው ያለቀሱት እርስዎ ነበሩ። ስሟም ቫሊ ሆነ፣ የተወደደችው። በዚያው ዓመት አንዷ ስትያዝ አዲሱን መረብዎን ከላይ እስከ ታች ቀደው ለቀቋት። እማማ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ታዲያ ምን ልንበላ ነው ብትል «ለመውለድ ለመጣች ልጅ መረብ ይቆረጣል» አሏት። እኔ በኩራት የምገባበት ጠፋኝ።

ማክሰኞ ዕለት አንዲት ቫሊ የቬልጂ መረብ ውስጥ ገባች። ሆዷ የሞላ ነበር። ቆርጦ እንደመልቀቅ፣ መረቤ ይትረፍልኝ ብሎ ወደ ዳር ጎትቷት መጣ። ባሕሩ ሸሸና አሸዋ ላይ ቀረች። እኔ ዓሣ ላሰጣ ወጥቼ ነበር። መጥረቢያውን አንስቶ ክንፏን አንዴ መታት፣ ደገማት። ደሟ እግሬ ድረስ መጣ። እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም፣ መሐል ገብቼ ቆምኩ። ልጅ ናት ተዋት አልኩት።

«አንቺስ ልጅ አይደለሽ? አባትሽ ምን አደረገልሽ?» አለኝና በመጥረቢያው ጀርባ ክንዴን መታኝ። አጥንቴ ሲሰበር ሰማሁት። ወደቅኩ። ሆዴን አቅፌ ተጠቀለልኩ፤ እሱ በእርግጫ ጀርባዬን ይለኝ ጀመር።

ያኔ መንደሩ ደረሰ። ደስ ይበልዎ፣ ስብከቱ እዚህም ሠርቷል። ቬልጂን በመቅዘፊያ ቀጠቀጡት፤ ሁለት ጥርሱ አሸዋው ውስጥ ቀርቷል። ለመውለድ የመጣች ልጅ ትመታለህ እያሉ ነበር የሚመቱት። እኔን መስሎኝ ነበር። ለካስ ስለ ዓሣዋ ነው።

የመንደሩ ሽማግሌ ተንበርክከው ራሷን እየዳበሱ ይቅርታ ጠየቋት። ሰዎቹ ባሕሩ እስኪመለስ ውኃ በባልዲ ሲያፈሱባት ቆዩ፣ መረቡን ቀደው ገፍተው ለቀቋት። ሴቶቹ እልል አሉ። አልዋሽዎትም፣ ጅራቷን አወዛውዛ ስትጠልቅ እኔም አሸዋው ላይ እንደተጋደምኩ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ። ሽማግሌው ብቻ ዘወር ብለው ክንዴን አዩና «እሱስ የባልና የሚስት ጉዳይ ነው» አሉኝ።

ቬልጂ አልጋ ላይ ነው። ሐኪሙ በሆሊ ይነሳል ብሏል። እሱ ደግሞ ስነሳ የምጀምረው በአንቺ ነው ብሎኛል። የዛተውን እንደማያስቀር አውቀዋለሁ።

ብቻዬን እንዳልመጣ ፈራሁዎት። የዛሬ ሁለት ዓመት ፊቴ አብጦ ደጅዎ ስቆም፣ ሴት ልጅ ከአባቷ ቤት በሙሽርነት፣ ከባሏ ቤት በቃሬዛ ነው የምትወጣው ብለው ራስዎ አውቶቡስ ላይ አሳፈሩኝ። ሆዴን ይዤ ብቆም ርቧት ነው ብለው ብርቱካን ገዙልኝ። የቆረጡልኝ አንድ ትኬት ነበር። አልነገርኩዎትም እንጂ አንድ ትኬት አይበቃንም ነበር። በሳምንቱ፣ ቬልጂ ለምን ኮበለልሽ ብሎ የመታኝ ዕለት፣ ብቻዬን ቀረሁ።

አልወቅስዎትም ብል ውሸት ነው፣ እወቅስዎታለሁ። ግን ሌላ አባት የለኝም።

ሲመጡ ጣፋጭም ልብስም አይያዙ። ያንን መረብ የቀደዱበትን ቢላዎን ብቻ ይዘው ይምጡ። ሳይመጡ ከቀሩ ግን ለቃሬዛውም አይምጡ።

ባሕሪቱ ዕድሜና ጤና ትስጥዎ። ቫሊዎቹም ዓመት በዓመት በሰላም መጥተው በሰላም ይገላገሉልዎ።

ለመውለድ የምትመጣው ልጅዎ