ገንፎ ያልኩሽ የበሽተኛ ገንፎ አይደለም

«ሽጉጤ ወንድሜ፣ ገንፎ በጎመን እየበላህ እንደምታድር በራስህ ድምፅ ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ገንፎ የሚበላ ወይ አራስ ነው ወይ በሽተኛ ነው። አንተ አራስ አይደለህም፤ ስለዚህ ታመህ ደብቀኸናል ማለት ነው። የሚያበስልልህ ሰው ያስፈልግሃል። ኤፍራታ ትምህርቷን አቋርጣ እንድትመጣልህ ወስነናል፤ ጌዴዎንም የሚያሻግራትን ሰው አነጋግሯል። መስከረም ሳይጠባ ትነሳለች።»

ይህ ያንቺ ቃል ነው፣ እትዬ ኤርጎጌ። ልጅሽ ጌዴዎን ጽፎልሽ በስልኩ ፎቶ አንስቶ የላከልኝን ወረቀት ፊት ለፊቴ አድርጌ፣ አንድ ፊደል ሳልጨምርና ሳልቀንስ ገለበጥኩት። በኋላ «እንዲህ አላልኩም» እንዳትይኝ ነው።

ብናደድም ሰላምታ አላጓድልም። ለመሆኑ እንዴት ሰነበትሽ? ያ የሚያምሽ ጉልበት እንዴት ሆነ? ዝናብ ሲገባ ይብስብሽ ነበር፣ አሁን ደግሞ ሰኔው እያለቀ ነው። ሐኪሙ ያዘዘልሽን ትወስጂያለሽ ወይስ «ተሻለኝ» ብለሽ ተውሽው? ኮሮናው እናንተ ዘንድ እንዴት ነው? ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ ጭምብሉን አፍና አፍንጫችሁ ላይ ነው የምታደርጉት ወይስ አገጫችሁ ላይ? ከጓሮ በኩል ያለውን እንሰት የአጠውልግ በሽታ ያዘው ብለሽኝ ነበር፤ ነቅላችሁ ቀበራችሁት? ቢላዋውን እሳት ላይ ሳታሳልፉ ደህናውን እንዳትቆርጡበት። ይህን ሦስተኛ ጊዜ መናገሬ ነው።

እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። አልታመምኩም። እዚህ ደቡብ አፍሪካ የኮሮናው ሦስተኛ ማዕበል ገብቶ ካለፈው ሰኞ ጀምሮ ስብሰባ ሁሉ ተከልክሏል፣ ቤተ ክርስቲያናችንም ተዘግቷል። እሑድ በጠራራ ፀሐይ ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ የምጽፍልሽ ለዚህ ነው። ፀሐይ አልኩሽ እንጂ ክረምት ነው፣ ብርዱ እጅ ያደነዝዛል። አንዱን መስመር ጽፌ እነሳለሁ፣ በሩን አይቼ እመለሳለሁ፣ ወንበሩ አልመች ብሎኛል።

አሁን ወደ ገንፎው። እዚህ አገር ሰዉ ጠዋት ማታ የሚበላው ፓፕ የሚባል የበቆሎ ዱቄት ምግብ አለ። ነጭ ነው፣ ጠጠር ያለ ነው፣ በእጅ እየተቆረሰ በጎመን ወይም በሥጋ ይበላል። ባልና ሚስት ይበሉታል፣ ጉልበት ሠራተኛ ይበላዋል፣ ሠርግ ላይ ይቀርባል። ምን ብዬ ልንገርሽ? እንጀራ አይደለም፣ ቆጮ አይደለም። ለአንቺ የሚቀርብ ቃል ፈልጌ «ገንፎ» አልኩ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማረ ሰው ቃሉን መምረጥ ነበረበት፤ ይህን ስህተት እቀበላለሁ። አንድ ቃል ሰምቶ የሃያ ዓመት ልጅሽን ለደላላ መስጠት ግን የኔ ስህተት አይደለም። ደውለሽ «ምን ዓይነት ገንፎ?» ብትዪ ምን ነበረበት?

ለስላሳና ዳቦ የሚፈልግ ደንበኛ መጥቶ ተነሳሁ። ተመልሻለሁ።

ምን እንደምበላ በዝርዝር እጽፍልሻለሁ፤ ለዳኛ እንደሚቀርብ ማስረጃ ቁጠሪው። መጀመሪያ ግን የኔንም ጥፋት ልናገር። ከቲቶ ጋር ሰባት ዓመት በአንድ ሱቅ፣ በአንድ ድስት እንደኖርን ታውቂያለሽ። እሱ ያበስላል፣ እኔ አጥባለሁ። ካቻምና ሚስቱ ሰርክአዲስ ከመጣች በኋላ አይቮሪ ፓርክ የሚባል ሰፈር የራሳቸውን ሱቅ ከፍተው ወጡ። ደስ ብሎኝ ነው የሸኘኋቸው፣ ድስቱንም ትተውልኝ ሄዱ። ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን መብላት ብዬ ልጠራው አልችልም። ከመደርደሪያ ዳቦ አውርጄ፣ የዓሣ ቆርቆሮ ከፍቼ፣ ባንኮኒው ጋ ቆሜ በሹካ ነበር የምውጠው። ሹካውን ሱሪዬ ላይ ጠርጌ የሚቀጥለውን ደንበኛ አስተናግዳለሁ። አምና በመጋቢት አገሩ ሲዘጋ ደግሞ ከተማ ወርደን እንጀራ የምንበላባቸው ቤቶችም ተዘጉ። ቀበቶዬ ላይ በምስማር ሁለት ቀዳዳ ጨመርኩ። ያን ጊዜ ብትጨነቂልኝ ልክ ነበርሽ፤ ያን ጊዜ ግን አልነገርኩሽም።

ማብሰል ስጀምር የመጀመሪያው ስህተት ድስቱ ነበር። አንድ ሰው በስድስት ሰው ድስት ሲያበስል ሽንኩርቱ ታች ያርርበታል፣ ወጡ አራት ቀን ይበላል፤ በሦስተኛው ቀን ወጡን ይጠላል፣ በአራተኛው ራሱን። ስለዚህ የቲቶን ድስት አልጋ ሥር አስገብቼ አንዲት ትንሽ ድስት ገዛሁ፣ ከአንድ ሰው ወጥ በላይ የማትይዝ። የሱቁን ሚዛን ጠርጌ ምስር መመዘን ጀመርኩ። ሰማንያ ግራም ምስር፣ ግማሽ ሽንኩርት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ ሁለት ብርጭቆ ተኩል ውሃ። ግማሹን ሽንኩርት የተቆረጠውን ፊት ወደ ታች ደፍቼ ሳህን ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ ለነገ ሽሮ ይሆናል። ዶሮ ስገዛ ስምንት ቦታ እቆራርጥና በማርጋሪን ዕቃ እየከፋፈልኩ በረዶ ቤት አስገባለሁ፤ እሑድ እሑድ አንዱን አወጣለሁ። በላክሽልኝ ኮረሪማ የሱቅ ቅቤ አንጥሬበታለሁ፣ ሽታው ግቢውን ሞልቶት ነበር። ጎመኑ ደግሞ ሞሮጎ ይባላል፤ ሴቶች እስር እስር እያደረጉ ያመጡታል፣ ከኛ ጎመን ትንሽ ይመራል። በደንብ ከከተፍሽው፣ ቅቤና ሚጥሚጣ ከነካካሽው፣ በፓፕ ስትጠቀልዪው ዓይንሽን ጨፍነሽ ቆጮ ነው ልትዪ ትችያለሽ። ዓይንሽን ከገለጥሽ አይደለም።

ሱቁ ያለው በአንዲት አሮጊት ግቢ ውስጥ ነው። ጎጎ ታንዲ እንላታለን፣ ጎጎ አያት ማለት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ፓፕ ልሠራ ዱቄቱን ሚዛን ላይ ሳደርግ በመስኮቱ ፍርግርግ አየችኝ። «ሃይቦ፣ ማይ ፍሬንድ! ፓፕ መድኃኒት ነው እንዴ በግራም የምትሰጠው?» አለችኝ። እዚህ ባለሱቅ የውጭ አገር ሰው ሁሉ ስሙ «ማይ ፍሬንድ» ነው፤ የሚጠላሽም የሚወድሽም እንዲያው ነው የሚጠራሽ። ገብታ ሚዛኑን በክርኗ ገፋ አድርጋ ዱቄቱን በእጇ ዘግና ከፈላው ውሃ ላይ ከመረችው። «አሁን ክደነውና አፍህን ዝጋ። ፑ፣ ፑ፣ ፑ ይላል። ፑ ማለቱን ሲያሰልስ አማስለው። ሚዛንህ ጆሮ የለውም» አለችኝ። እኔ አሁንም መቶ ሃያ ግራም እመዝናለሁ፤ ግን ጆሮዬንም አቀርባለሁ። እስካሁን ሚዛኑና ጆሮዬ አልተጣሉም።

ጠግቤ አላድርም ብለሽ እንደሆነ ይህን ስሚ። ለአንድ ሰው የማብሰል ችግሩ ጨው አይደለም፣ ውሃም አይደለም። እኛ ቤት ሰው በምግቡ ብቻ ጠግቦ አያውቅም፤ «በሞቴ ይህችን ብቻ» ሲባል ነው የሚጠግበው። እዚህ በሞቴ የሚለኝ የለም። ምግቡን በሙሉ በአንድ ጊዜ ሳህን ላይ ካወጣሁት ስጨርስ ሆዴ ይሞላል፣ እኔ ግን አልጠግብም። ስለዚህ ግማሹን ድስቱ ውስጥ እተዋለሁ። ተቀምጬ እበላለሁ፣ ቆሜ አይደለም። ሳህኑ ባዶ ሲሆን እነሳለሁ፣ እጨምራለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። መጠኑ ያው ነው። ከስድስት ወር በላይ ፈትሼዋለሁ፤ የሚያጠግበው ጭማሪው ነው።

ለፋሲካ ከተረፈኝ ቡላ አተካና ሠራሁ። አተካና ለድግስ እንጂ ለአንድ ሰው ተሠርቶ ያውቃል? ግማሽ ኩባያ ቡላ፣ ወተት፣ አንድ ማንኪያ ቅቤ፣ ከሱቅ የተገዛ አይብ። ባንቺ እጅ የተሠራውን አያህልም፣ ግን አልጓጎለም። ለጎጎ ታንዲ በሻይ ሳህን ብወስድላት ቀምሳ «ይሄ ደግሞ ሠርጉን የደገሰ ፓፕ ነው» ብላ ሳህኑን በጣቷ ጠረገችው። እና ይህ በሽተኛ ነው? ይህ ሰው ነው የሚያበስልለት ያጣው?

ጌዴዎን፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ለእናትህ እየዘለልክ እንዳታነብ።

ያነጋገርከው ሰውዬ መንገዱን ምን ብሎ ነገረህ? «እስከ ኬንያ በመኪና፣ ከዚያ ቀላል ነው» አይደል? ለሁሉም የሚለው ይህንኑ ነው። አምና በመጋቢት ሞዛምቢክ ውስጥ ኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው የሞቱትን ስልሳ አራት ሰዎች ረሳችሁ? ያኔ በኛ በኩል ስንት ቤት ድንኳን እንደተተከለ የነገርከኝ አንተ ነህ። ዛሬ ለእህትህ ያንኑ መንገድ ትመርጣለህ።

እትዬ ኤርጎጌ፣ ሰርክአዲስ በዚያ መንገድ ነው የመጣችው። ስምንት ወር በሰው አገር እስር ቤት ተቀምጣለች። ሐሙስ ዕለት ደውዬ የጻፍሽውን ነገርኳት። «ጋሼ ሽጉጤ» አለችኝ። «ለመሆኑ መጥታ ምን ልታበስልልህ ነው? እኔ እዚህ ከገባሁ በኋላ አራት ወር ድስት ማንሳት አልቻልኩም። ቲቶ ነው ያጎረሰኝ።» ሌላም ነገር ነግራኛለች፤ ይህ ግን የኤፍራታ ወንድም እያነበበ እናቷ የምትሰማው አይደለም። ሳትጨርሰው «በቃ ደህና ዋል» ብላ ዘጋችው።

ደግሞ አንድ ደንበኛ። ሄዷል።

አሁን ልጽፈው የማልፈልገውን እጽፋለሁ። ወረቀትሽ የደረሰኝ ማክሰኞ ነው። ለሰርክአዲስ የደወልኩት ሐሙስ ነው። በመካከሉ ረቡዕ አለ። ረቡዕ ጠዋት ከጓዳው ግድግዳ ሥር የነበሩትን የበቆሎ ዱቄት ከረጢቶች አንድ በአንድ ወደ ሱቁ አወጣሁ። ወለሉን ጠረግኩ። ሜትር አምጥቼ ለካሁ፤ ሁለት ሜትር ከዐሥር በአንድ ሜትር ከሠላሳ። አንድ አልጋ ይገባል። መጋረጃ በየት በኩል እንደሚሰቀል አየሁ። የቲቶን ድስት ከአልጋዬ ሥር አውጥቼ በአሸዋ ፈገፈግኩት፣ እያፏጨሁ ነበር። ልጅቱ በየትኛው መንገድ እንደምትመጣ የማውቅ ሰው፣ ሙሉ ቀን አንድ ጊዜ እንኳ መንገዱ ትዝ አላለኝም። ትዝ ያለኝ ምሳ ላይ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ «አጎቴ፣ በሞቴ» ስትለኝ ብቻ ነበር።

ንዴቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ባንቺ ላይ ብቻ እንዳይመስልሽ። አንቺ በፍቅር ተሳሳትሽ፤ እኔ እያወቅሁ ወለል ጠረግኩ። ሐሙስ ስልኩን እንደዘጋሁ ከረጢቶቹን ወደ ቦታቸው መለስኩ፤ ወገቤን እስከ ዛሬ ያመኛል።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። ጌዴዎን ያንን ሰው ፊት ለፊት ቆሞ «የለም» ይበለው። «ትንሽ እናስብበት» ማለት «የለም» ማለት አይደለም። ኤፍራታ መስከረም ላይ ኮሌጇ ተመልሳ ለሦስተኛ ዓመት ትመዝገብ። ነርስ ልትሆን አንድ ዓመት የቀራትን ልጅ ጤነኛ ሰው ልታስታምም አትልኳትም። ለኔ መጨነቅ ካማረሽ በየሳምንቱ ደውይና ምን እንደበላሁ ጠይቂኝ፤ በግራም እመልስልሻለሁ።

ለባለቤትሽ ለደሳለኝ ከልብ የሆነ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ እንሰቱን አደራ በይልኝ። ጌዴዎንን ብቆጣውም ሰላም እለዋለሁ፣ የእጅ ጽሑፉ ከአምናው ተሻሽሏል። ትንሿ ዕፀገነት የላከችልኝን የዶሮ ሥዕል ሱቁ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ አንድ እግር ቢጎድለውም ደንበኞች ወደውታል። ጎረቤታችንን እናትነሽን ስለ ጸሎቷ አመስግኚልኝ፤ ለጤንነቴ ሳይሆን ለልቦናዬ ትጸልይ። ለኤፍራታ ሰላምታዬ የብቻዋ ነው፤ እሷን ማንም ሳይጠይቃት እንደተወሰነባት ገብቶኛል፣ ባለፈው ረቡዕ እኔም አልጠየቅኋትም።

መልሱን በስልክ አልቀበልም፣ በሰውም እንዳትልኪብኝ። በጽሑፍ ነው የምፈልገው። ያንቺን ጌዴዎን ይጻፍልሽ፤ ከሥሩ ግን ኤፍራታ በገዛ እጇ «አልሄድም» ብላ ጽፋ ስሟን ትፈርም። እስከ እሑድ ሐምሌ 11 ቀን ይድረሰኝ። ቀን የቆረጥኩት እናንተን ለማስጨነቅ አይደለም። ዛሬ እምቢ ማለት ችያለሁ። ከዚያ ቀን አልፎ አንድ ጊዜ ደግመሽ «ትምጣልህ ወይ?» ብትዪኝ ግን፣ እትዬ፣ ስለ መልሴ ዋስ መሆን አልችልም።

ወንድምሽ ሽጉጤ
ቶኮዛ፣ ጆሃንስበርግ
ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም.